ለጂ+4 ህንጻ ቢአይኤም ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ኢንጂነር። ኮምቦልቻ አንድ ደረጃ 5 ኮንትራክተር ጋ ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በኦቶካድ እንስላለን፣ በኤክሴል እንለካለን። አሁን አንድ ጂ+4 ህንጻ ልንጀምር ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። አለቃዬን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ‹ቢአይኤም ካልገባችሁ ከገበያ ትወጣላችሁ› ብሎት ተጨንቋል። ‹ይገዛና እንስራበት› ይለኛል። እውነት ለእኛ ዓይነቱ ትንሽ ድርጅት ያዋጣል? ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። አለቃሽንም አብሽር በይልኝ። ቢአይኤም (ቢልዲንግ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ) ህንጻውን ከነመረጃው ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የመገንባት አሰራር ነው እንጂ ከሱቅ ገዝተው የሚያመጡት እቃ አይደለም።

ስሙ ራሱ እኛ ጋ ጣጣ አለው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሳይት ላይ ለባለቤቱ ስለዚህ ነገር ሳስረዳ «ቢም፣ ቢም» እያልሁ ነበር። ፎርማኑ ከጎን ሆኖ ሲሰማኝ ቆየና «ኢንጂነር፣ ቢሙ እኮ ትናንት ተሞላ!» አለኝ። ምን ይፈረድበታል? ከዚያ ቀን ወዲህ ኮለንን (ምሰሶን) ከኮለን የሚያያይዘውን አግዳሚ አርማታ ቢም፣ አሰራሩን ደግሞ ፊደል በፊደል ቢአይኤም እላለሁ። እዚህም እንደዚያው ነው።

ነገሩ ምንድነው? ኦቶካድ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ትስያለሽ። ግድግዳ መሆኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ለሱ መስመር ነው። በቢአይኤም ሶፍትዌር ግን መስመር አትስይም፤ ግድግዳ ታቆሚያለሽ። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት መሆኑን፣ ከፍታውን፣ የስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ልስኑ በየት በኩል እንደሆነ ይዞ ይቆማል። ፕላኑም፣ ሴክሽኑም (ህንጻው ተቆርጦ ከጎን ሲታይ)፣ የበርና መስኮት ዝርዝሩም፣ ብዛቱም ከዚያው ከአንዱ ሞዴል ይወጣል። አንድ ቦታ ስትቀይሪ ሁሉም ጋ ይቀየራል። ፕላኑ ላይ ቀይሮ ሴክሽኑ ላይ መርሳት የሚባለው የቢሮአችን በሽታ እዚህ ጋ ይቀንሳል።

ሀሳቡ ያረጀ ነው። ቻርልስ ኢስትማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፎበታል። ሃንጋሪዎች በ1980ዎቹ አርኪካድ የተባለውን ሶፍትዌር አወጡ። ሌላው የቢአይኤም ሶፍትዌር ሬቪት በ2000 ገበያ ወጣ፤ በ2002 የኦቶካዱ ባለቤት ኦቶዴስክ ገዛው። እንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥቷ ገንዘብ የሚሰሩ ስራዎች በዚህ አሰራር እንዲሆኑ አዘዘች። አይኤስኦ 19650 የሚባለው ዓለም አቀፍ የቢአይኤም መስፈርት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ በ2018 ወጡ። ስለዚህ የአዲስ አበባው ሰው ጨርሶ አልዋሸም፤ ዓለም ወደዚያው ነው። «ከገበያ ትወጣላችሁ» ያለው ግን ለኮምቦልቻ ጂ+4 ትንሽ በዛ። ስልጠና የሚሸጥ ሰው ካልሆነ እኔ ልቀጣ።

አንድ ነገር አሁኑኑ እንለይ። ብዙ ቢሮ «ቢአይኤም እንሰራለን» ሲል ማለቱ የሚያምር ስዕል ነው። ህንጻው በመስታወት ያብረቀርቃል፣ ደጁ ላይ ዘንባባ ተተክሏል፣ ደሴ አይታው የማታውቅ መኪና ቆሟል። ባለቤቱ አይቶ ደስ ይለዋል፣ ይፈርማል። ክፋት የለውም። ግን ይህ ከነገሩ ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው። ገንዘብ የሚያድነው ሌላው ነው። የትኛው እንደሆነ በራሴ ላይ በደረሰው ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ህንጻ ላይ ሳይት ኢንጂነር ነበርሁ። ስትራክቸሩን (ኮለንና ቢሙን) አንድ ሰው፣ ሳኒታሪውን (የቧንቧና የፍሳሽ መስመሩን) ሌላ ሰው ነው የሰራው። ሁለቱም በየወረቀታቸው ትክክል ነበሩ። ግን ሁለቱን ወረቀት ደርቦ ያየ የለም፤ እኔንም ጨምሮ። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) ተሞላ። አርማታውን ቅርጽ ያስያዘው ፎርምወርክ ተነሳ። የቧንቧ ሰራተኛው ባለ 110 ሚሊ የሽንት ቤት ቱቦውን ተሸክሞ መጣ፤ ቱቦው የሚወርድበት ቦታ ልክ ቢሙ ላይ ነው። ከኮለኑ ፊት አርባ ሳንቲ ያህል ራቅ ብሎ።

እኔ ታች ቢሮ ነበርሁ፣ ክፍያ እያዘጋጀሁ። ላይ መዶሻ ይሰማኛል። ሳይት ላይ መዶሻ ሲሰማ ማን ይደነግጣል? ከሰዓት ወጥቼ ሳይ ቢሙ ተቦርቡሯል። ሁለት ስታፋ (የቢሙን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ተቆርጧል። ረዳቱ ሦስተኛውን በፌሮ መቁረጫ ይዞ «ይቺንስ ኢንጂነር?» ይለኛል፤ በቅንነት። ያች ቦታ የቱ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ከኮለኑ አጠገብ ስታፋ የሚጠቀጠቀው ሸር የሚባለው ቆራጭ ኃይልም እዚያ ስለሚበዛ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣም ቢሙ የሚፈተነው እዚያ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጥነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ የምታልፊያት ካራ ቆሬ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ምን እንደደረሰባት ሽማግሌ ጠይቂ። ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ይህ ተረት አይደለም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው።

መጨረሻው ምን ሆነ? የስትራክቸሩ ባለሙያ ተጠራ፣ ተቆጣ፣ ልክ ነበረ። ቢሙ ዙሪያውን አዲስ ፌሮ ለብሶ እንደገና ተሞላ። ቱቦው በሁለት ክርን ዞሮ ወረደ። ክርኑን ለመሸፈን ኮርኒሱ ዝቅ አለ። ዝቅ ያለው ኮርኒስ የመስኮቱን አናት ነካ። ባለቤቱ ለምን እንደነካ ጠየቀ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለቀ፤ ወጪው ከኮንትራክተሩ ኪስ ወጣ።

ያንን ፎቅ ሞዴል ላይ ብናስቀምጠው ኖሮ ቱቦው ቢሙ ውስጥ ገብቶ በቀይ ይበራ ነበር። ክላሽ የሚሉት ይህን ነው። ቱቦው የሚወርድበትን ሻፍት ግማሽ ሜትር መግፋት ወረቀት ላይ የአስር ደቂቃ ስራ ነው፤ አርማታ ከተሞላ በኋላ ነው ሁለት ሳምንት የሆነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ልንገርሽ። ሶፍትዌሩን «ሁሉን ከሁሉ ጋር ፈትሽ» ካልሽው ብዙ ሺህ ክላሽ ይተፋብሻል። አብዛኛው እርባና የለውም። የኤሌክትሪክ ቱቦ በብሎኬት ውስጥ ማለፉ ክላሽ ነው ይልሻል፤ በየት ሊያልፍ ኖሯል? ስለዚህ ለጂ+4 ሁለት ፍተሻ ይበቃሻል። አንዱ የሳኒታሪ ቱቦ ከቢምና ከኮለን ጋር። ሁለተኛው ደረጃው። የደረጃ ማረፊያው ቢም ከስሩ የሚወጣውን ሰው ግንባር የሚመታበት ህንጻ በየከተማችን ሞልቷል። ሴክሽኑን በደረጃው መሀል ቁረጪና ከእርግጫው እስከ ቢሙ ሆድ ያለውን ለኪ። ከሁለት ሜትር በታች ከሆነ አሁኑኑ ተናገሪ።

ወደ ልኬቱ ልምጣ። ለእናንተ ድርጅት ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ይመስለኛል።

አንድ ቢም ውሰጂ። ከኮለን መሀል እስከ ኮለን መሀል 6 ሜትር ነው። ቢሙ 30 በ50፣ ኮለኑ 40 በ40፣ ሶሌታው 15 ሳንቲ። የደከመው ለኪ 6 በ0.30 በ0.50 ብሎ 0.90 ሜትር ኩብ ይጽፋል። ግን ኮለኑን ለብቻ ለክቶታል፤ ሶሌታውንም ከዳር እስከ ዳር ለክቶታል። ትክክለኛው የቢሙ ድርሻ በኮለኖቹ መሀል ያለው 5.60 ሜትር፣ ከሶሌታው በታች ያለው 0.35 ብቻ ነው። ያ 0.588 ይመጣል። ልዩነቱ 0.312። ትንሽ ይመስላል። በአንድ ፎቅ እንዲህ ያለ 40 ቢም ካለና አምስት ጊዜ ከተሞላ ከ62 ሜትር ኩብ በላይ ነው። በኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ብንይዝ ከ220 ኩንታል በላይ አየር ላይ ተገዛ ማለት ነው። ክፍያ ላይ ከሆነ ደግሞ አማካሪው ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ጎበዝ ለኪ ይህን ይቀንሳል፤ አንቺም እንደምትቀንሺ አልጠራጠርም። ጥያቄው ባለቤቱ ቡናውን ጠጥቶ መጥቶ «ይህቺን ክፍል ሰፋ አድርጉልኝ» ሲል ነው። ኤክሴሉ አያውቅም። ከመጀመሪያ መልሰሽ ትለኪያለሽ፤ ከለሊቱ አምስት ሰዓት፣ ሁለት መቶኛው ቢም ላይ። ሞዴሉ ግን ሲቀየር ብዛቱም አብሮ ይቀየራል።

ነገር ግን ሶፍትዌሩን አትመኚው። ሬቪት ላይ ቢምና ሶሌታ፣ ኮለንና ቢም በትክክል ካልተጋጠሙ እሱም እንደ ደከመው ለኪ ደርቦ ይቆጥራል። ማን ማንን እንደሚቆርጥ አንድ ቢም በእጅሽ ለክተሽ ከሞዴሉ ጋር አስተያዪ። ያ ከገጠመ ሌላውን ማመን ይቻላል። ውልሽ ላይ ያለው የአለካክ ደንብም ከሶፍትዌሩ አቆራረጥ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ቀድመሽ አንብቢው። ዋጋን ደግሞ ሞዴሉ ውስጥ አታስገቢ። ሲሚንቶ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ዋጋ በሚያወጣበት አገር ብዛቱን ከሞዴሉ አውጥተሽ ዋጋውን ኤክሴል ላይ አቆይው።

ፌሮስ? እዚህ ላይ ከብዙ አሰልጣኝ ጋር አልስማማም። ለትንሽ ህንጻ እያንዳንዱን ፌሮ ሞዴል ማድረግ ጊዜ መብላት ነው። ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል። የቁርጥ ዝርዝሩን እንደለመድሽው በኤክሴል ስሪው። አንድ ቦታ ብቻ በሞዴል አሳዪኝ፦ በጣም የተጨናነቀውን የቢምና የኮለን መጋጠሚያ። አራት ቢም ከአራት አቅጣጫ መጥቶ አንድ ኮለን ላይ ሲገናኝ ወረቀት ላይ ሁሉም ይገባል። በእውኑ የላይኛው ፌሮ ከላይኛው ፌሮ ጋር በአንድ ከፍታ ይጋጫል። አንዱ ዝቅ ማለት አለበት። አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው የቫይብሬተሩ ጭንቅላትስ ይገባል ወይ? ካልገባ ፎርምወርኩ ሲነሳ ጠጠሩ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያንን አንድ መጋጠሚያ በ3ዲ ስዕል ወረቀት ላይ አትመሽ ፌሮውን ለሚያስረው ለፌራዮው ስጪው። ከሃያ ገጽ ድሮዊንግ ይበልጥበታል።

ስለ ቁርጥም ካነሳን፦ ፌሮ በ12 ሜትር ነው የሚመጣው። 4.30 የሚፈልግ ቁርጥ ካለሽ ከአንዱ ሁለት ይወጣል፣ 3.40 ይተርፋል። በባለ 16 ሚሊ ፌሮ ከሆነ ያቺ ትራፊ አምስት ኪሎ ከምናምን ናት። 3.40ዋን የሚውጥ ሌላ ቦታ ከቆረጣው በፊት ፈልጊላት። ጥሩ ፌራዮ ይህን በጭንቅላቱ ይሰራዋል፤ ጠይቂው፣ አትፈሪ።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ የመሬቱ ነገር ብዙ አያሳስብም። ደሴ ስራ ካገኛችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጦሳ ተራራ ስር ያለ ህንጻ በላይኛው መንገድ ሲያዩት ሁለት ፎቅ፣ ከታች ሲያዩት አምስት ነው። ዜሮ ከፍታው የቱ እንደሆነ ሳይግባቡ የሚጣላ አርክቴክትና ሰርቬየር ስንት አይቻለሁ። ሰርቬየሩ ቶታል ስቴሽን በሚባለው መለኪያ መሳሪያ የወሰዳቸውን ነጥቦች በፋይል ተቀበዪና ሞዴሉ ውስጥ መሬቱን አውጪ። ቁፋሮውና ሙሌቱ፣ የድጋፍ ግንቡ ከፍታ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ያኔ ይታያል። መርሃ ግብሩንም ከሞዴሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ለእናንተ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል፤ ወሎ በልግም ክረምትም እንዳለው አትርሱና ቁፋሮ ተከፍቶ ዝናብ እንዳይደርስባችሁ።

ሌላም ጥቅም አለ፣ ማንም የማይከፍልበት። በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ አንድ ህንጻ ለጥገና ገብቼ ነበር። ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሎ ተወስዷል። መስመሩ በየት እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልተገኘም። ግድግዳ በመዶሻ እየነካካን ፈለግነው። ስራው ሲያልቅ የተሰራውን እንደተሰራ የሚያሳይ ሞዴል፣ ሌላው ቢቀር ልስን ሳይመታ የተነሳ ፎቶ፣ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ። አንዱ ባለቤቱ ጋ።

አሁን ግዢው። አለቃሽ ብር ከማውጣቱ በፊት እነዚህን አንብቢለት። ሬቪትም አርኪካድም በውጭ ምንዛሬ በየዓመቱ የሚከፈልባቸው ናቸው። የተማሪ ፈቃድ በነጻ አለ፤ ግን ለመማሪያ እንጂ ለስራ አልተፈቀደም። ክራክ ስለሚባለው፣ ፈቃዱ ተሰብሮ ስለሚጫነው ሶፍትዌር፣ የምታውቂውን አልነግርሽም። አንድ ነገር ብቻ፦ በአዲሱ ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በድሮው አይከፈትም። ከአማካሪው ጋር የስንት ዓመተ ምህረቱን እንደምትጠቀሙ ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ፋይል ስትላላኩ ትከርማላችሁ። መፍትሄው አይኤፍሲ ነው። አይኤፍሲ የማንም ኩባንያ ያልሆነ የፋይል ዓይነት ነው፣ በየሶፍትዌሩ ይከፈታል። በነጻ የሚገኙም አሉ፦ ፍሪካድ፣ እንዲሁም ብሌንደር ላይ የሚጫነው ቦንሳይ። ይከብዳሉ፣ ትዕግስት ይጠይቃሉ፣ ግን ህጋዊ ናቸው። ለማየት ብቻ ከሆነ ቢም ቪዥን የሚባል የሞዴል ማያ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል፤ ለአለቃሽ እሱን ጫኚለት።

ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ራም ከሌለው አትጀምሪ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም አይሆንም፤ መብራት ሲሄድ ሞዴሉ አብሮ ይሄዳል። ደመና ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ፣ እናስቀምጥ የሚልሽን አትስሚ፣ ቢያንስ ለጊዜው። ቢሮ ያለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡና በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

ምን አይሆንም? የግንባታ ፈቃድ ማህተም ያለበት ወረቀት ይፈልጋል፤ ሞዴል ይዘሽ ብትሄጂ ሻይ ጋብዘው ይመልሱሻል። አለመግባባት ሲነሳም የሚቆጠረው የተፈረመው ድሮዊንግ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከሞዴሉ ውስጥ ይውጣ እንጂ ጎን ለጎን በኦቶካድ ሌላ አትሳሉ። ሁለት እውነት ካለ ሳይቱ ላይ የሚደርሰው የተሳሳተው ነው።

ለመጀመር ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። የዚህኑ የጂ+4 ስራ የድሮው አሰራር እንዳለ ይቀጥል፤ አንቺ ጎን ለጎን ሞክሪ። በር፣ መስኮት፣ ቀለም፣ መብራት ተዪ። አክሲሶቹን (ኮለኖቹ የሚቆሙባቸውን መስመሮች)፣ ኮለኑን፣ ቢሙን፣ ሶሌታውን፣ ደረጃውንና ባለ 110 ቱቦውን ብቻ አስገቢ። ሞዴሉ የመሰረቱ አርማታ ሳይሞላ ይጠናቀቅ፤ ሻፍት የሚገፋው ያኔ ነው። የአርማታውን ብዛት ከኤክሴልሽ ጋር በአንድ ገጽ አስቀምጪ። ልዩነቱን በብር ቀይሪውና አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ አኑሪ። ሶፍትዌር መግዛት አለመግዛቱን ያኔ በቁጥር ትነጋገራላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ፎርማናችሁን ጥሪው። ቡና ይፈላና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ። ሞዴሉን ፎቅ በፎቅ አዙሪለት። «እዚህ ጋ እጅ አይገባም» ያለሽን ቦታ ሁሉ ጻፊ፤ ሶፍትዌሩ ቀይ ባያበራውም።